ቻጋ በብርጭቆ

አክስቴ ፋያ ስኒውን ከእናቴ ከንፈር ላይ ነጥቃ ሻዩን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። እናቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እኔን ደግሞ የያዝኩት ቁራሽ ዳቦ ትን አለኝ፤ መጀመሪያ ሳልኩ፣ ቀጥሎ ሳቅኩ፣ አክስቴ ዞራ ስታየኝ ሳቄን መልሼ ሳል አደረግኩት። ሻይ እላለሁ እንጂ ሻይ አይደለም፤ ቻጋ ነው፣ የበርች ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ከሰለ ቁስል የሚወጣው ጥቁር እንጉዳይ። ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ተቀቅሎ ሲጠጣ የእርጥብ እንጨት ጣዕም አለው። አክስቴ ከከተማችን ሐይቅ ማዶ፣ ፑዶዥ በኩል ካለው መንደሯ አንድ የትራስ ልብስ ሙሉ ይዛ መጥታ በረንዳችን ላይ ሰቅላዋለች። ወጥ ቤታችን ሁለት ሰው የማይተላለፍበት ጠባብ ነው፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ደግሞ መስኮቱ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ታውሮ ይውላል።

«በስኒ አይሆንም አላልኩሽም ዞይካ?» አለቻት እናቴን። «ብርጭቆ ነው የሚለው። ሰው እንዴት አንድ ቃል መያዝ ያቅተዋል?»

የሚለው ጋዜጣው ነው። የታችኛው ፎቅ ክላቭዲያ በየሳምንቱ የምትገዛው፣ ለጉልበት የጎመን ቅጠል ለጆሮ የተጠበሰ ሽንኩርት የሚያዝዝ የአሮጊቶች የጤና ጋዜጣ። ያለፈው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ የከተማችን ተመራማሪዎች ከቻጋ ያወጡት ንጥረ ነገር የደም ካንሰር ሴሎችን ብርጭቆ ውስጥ እንደገደለ ተጽፏል። ይኸው ነው፣ ከዚህ የረዘመ ነገር የለውም። አክስቴ ግን መነጽሯን ሰክታ እንደ ዳዊት ደገመችው። ከዚያ ወዲህ ስኒ ቀረ፣ ፔርሙዝ ቀረ፣ አያቴ ከባቡር «ተውሶት» ያልመለሰው ባለ ማዕዘን ብርጭቆ ብቻ ተሾመ። ብረት እንዳይነካው ተብሎ እጀታ ያለው ማቀፊያው እንኳ ወለቀ፤ እናቴ ጣቷ እየተቃጠለ በመሐረብ ይዛ ትጠጣለች። ብርጭቆውን እንዳላጥብ ተከልክያለሁ፤ በሳሙና ኃይሉ ይሄዳል ተብሎ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ክኒኑ ነው። እናቴን የያዛት ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት የደም ካንሰር ነው። ጸደይ ላይ ሲነገራት አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት፣ ይህን ክኒን በየቀኑ እስከዋጡ ድረስ ሥራዎን ይሠራሉ፣ ልጅዎን ይድራሉ አለቻት፤ ካቋረጡት ግን ደሙ ሳይናገር ይበላሻል፣ ኋላ ልመለስ ቢሉም ክኒኑ ላይሠራ ይችላል። ልጅዎን ይድራሉ ስትል ወደ እኔ ስላየች ያኔ ተናድጄ ነበር፤ የቀረውን ግን አንድ ቃል ሳይወድቅ ይዤዋለሁ። እናቴ በጋውን ሙሉ ዋጠች። ማስታወክ ነበረው፣ ሌሊት እግሯን እየጨመደደ ያስነሳት ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን የዓይኗ ቆብ ነው፣ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እሷ የትሮሊባስ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነዳው የከተማ አውቶቡስ፣ ትኬት ቆራጭ ናት። አንድ ቀን፣ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ «ዛሬም ጠጥታ ነው የመጣችው፣ ዓይኗን እዩት» አለ። ከአዲስ ዓመት በቀር መጠጥ በአፏ የማይዞር ሴት። እሷ የገንዘቡን መልስ ሰጥታው ወደ ኋላ ሄደች። ማታ ድንች እየላጠች ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ የምትጥለው ልጣጭ ግን ከድንቹ ይወፍር ነበር።

አክስቴ የደረሰችው ከዚያ በኋላ፣ ጎመን ለክረምት በጨው በሚያዝበት ሰሞን ነው። ኬሚካልና እንጉዳይ ደም ውስጥ ገብተው ይጣላሉ አለች፤ የክኒኑን ሳጥን ወስዳ የት እንደሸጎጠችው እሷ ብቻ ታውቃለች። እናቴ አልተከራከረችም። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው፤ እናቴ አማረባት። ዓይኗ ተከፈተ፣ ጉንጯ ቀላ፣ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቀመጥላት ጀመር፣ አንድ ጠዋት ደግሞ መስተዋት ፊት ቆማ ከንፈሯን ስትቀባ ደረስኩባት። ክላቭዲያ ደረጃ ላይ ስታያት አማተበች። አክስቴማ አትጠየቅ፤ መንደሯ ድረስ ስልክ ደውላ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አደረገች። ክኒኑ ሲቆም ክኒኑ ያመጣው እብጠት እንደሚሄድ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ዘጠነኛ ክፍልን በአስተማሪዎቼ ርኅራኄ ያለፍኩት እኔ እንኳ ገብቶኛል። ግን ሰው እንዲህ አምሮበት እያያችሁ፣ ተመለስና ታመም በሉት እስቲ። በምሸጥበት ኪዮስክ መስኮት ለአገሩ ሁሉ የሚመልሰው አፌ እናቴ ፊት ሲደርስ ይያዛል።

ስኒው የተነጠቀበት ቀን እረፍቴ ነበር። ሌላውን ቀን አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካሊትካ እሸጣለሁ፤ የአጃ ቂጣ ጠርዙ ተቆንጥጦ ድንች የሚሞላበት፣ አንዱ በሠላሳ አምስት ሩብል፣ ጠዋት የተጋገረውን ከሰዓት በኋላ ትኩስ ነው ብዬ የምምልበት። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ አክስቴ ጋዜጣውን አጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ወደ ምርምር ተቋሙ ሄጄ፣ ስሟ የተጻፈውን ሴትዮ፣ ኢንጋ ሌቮቭናን፣ ብርጭቆው ስስ ይሁን ወፍራም፣ ክዳን ይኑረው አይኑረው እንድጠይቅ ተላክሁ። በትህትና ጠይቂ፣ እንደ ኪዮስክሽ አትለፍልፊ ተባልኩ። እሺ አልኩ። እኔም የራሴ ጥያቄ ነበረኝ።

የደረሰልኝ ትሮሊባስ የእናቴ ሆኖ አረፈው። ብርቱካንማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ የገንዘብ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደማታውቀኝ ሰው እጇን ዘረጋችልኝ። ከፈልኩ፤ እሷ መኪና ላይ ዘመድ የለም። ውጭ ቀጭን ዝናብ ይወርዳል፣ ሐይቁ በኩል ሰማይና ውሃው አንድ ሆኗል፣ ውስጡ እርጥብ ካፖርትና የሰው ትንፋሽ ይሸታል። አንድ ወጣት ወታደር ተነስቶ ቦታውን ሊለቅላት ሲል ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው፤ አሮጊት ካደረግኸኝ ትኬትህን እጥፍ አስከፍልሃለሁ አለችው፣ ሰው ሳቀ። በበጋ ያ ሽማግሌ ሰካራም ያላት እዚሁ መኪና ላይ ነው። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ልወርድ ስል ብቻ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝና ፋያን እንዳላስቀይማት አደራ አለችኝ። እናታቸው ስትሞት እናቴ የወተት ጥርሷን ገና አልነቀለችም ነበር፤ ፋያ ናት አዝላ ያሳደገቻት። በኛ ቤት ለፋያ እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

የተቋሙ በር ላይ ካልሲ የምትሠራ ጠባቂ አሮጊት ተቀምጣለች። ወዴት ነው ስትለኝ ኢንጋ ሌቮቭና ጋ፣ ስለ ብርጭቆው ነው አልኳት። አዲሷ ዕቃ አጣቢ መሰልኳት፤ ተመስገን፣ ዕቃ አጣቢዋ ከሄደች ወዲህ ሰዎቹ ዕቃ በዕቃ ሆነዋል ብላ አሳለፈችኝ፤ ገና ሳልርቅ እንዳልሰብርም አስጠነቀቀችኝ። ኮሪደሩ ኮምጣጤና አሮጌ ቀለም ይሸታል። ኢንጋ ሌቮቭና የጠበቅኳት ዓይነት ሰው አልነበረችም። ነጭ ጋዋኗ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ከጃም ማሰሮ ውስጥ የቀዘቀዘ ገንፎ እየበላች ነበር። ጋዜጣውን ሳወጣ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ብዙ ጊዜ ያለችውን ነገር ማለት ጀመረች። አትሸጥም፣ አታዝዝም፣ ጋዜጠኛውም ደውሎ አልጠየቃትም። ሰው ግን ይመጣል፤ ጆንያ የያዘ ይመጣል፣ ፎቶግራፍ የያዘ ይመጣል፣ አንዷማ ከነነፍሱ ዶሮ ይዛ መጥታለች። እስክትተነፍስ ጠበቅኩና፣ አክስቴ የምትፈልገው የትኛው ብርጭቆ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው አልኳት።

«የትኛው ምን?»

ባለ ማዕዘኑን፣ ማቀፊያው የወለቀውን፣ በሳሙና የማይታጠበውን ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ማን እንደታመመ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ ስለ ክኒኑም ነገርኳት። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ሞተ። ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ ማቀዝቀዣ ከሚመስል ግን ከሚሞቅ ሳጥን ውስጥ መዳፍ የምታህል ገበታ አወጣች። ገበታዋ ጉድጓድ በጉድጓድ ናት፣ በየጉድጓዱ ሮዝ ውሃ አለ። ብርጭቆ ውስጥ ማለት ይህ ነው አለች፤ ከሰው አካል ውጭ፣ ዕቃ ውስጥ ማለት ነው፣ የጥንቶቹ በብርጭቆ ይሠሩ ስለነበር አባባሉ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ገበታዋን አየኋት።

«ይቺ እኮ ብርጭቆም አይደለችም» አልኩ።

«ፕላስቲክ ናት። ብርጭቆ ከተውን ቆየን።»

በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። እንደ ተበተነ ሰሊጥ ነው፣ ክብ ክብ፣ አንዳንዱ ለሁለት ሊከፈል ወገቡ የጠበበ። የደም ካንሰር ሴሎች ናቸው። የማን ናቸው ብዬ ጠየቅኩ፤ የማንም አይደሉም የምትለኝ መስሎኝ ነበር። የአንዲት ሴት ናቸው አለች፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ሩቅ አገር የነበረች፣ እናትሽን የያዛት በሽታ የያዛት። አንቺ ሳትወለዲ ሞታለች፣ ሴሎቿ ግን ከዚያ ወዲህ መባዛት አላቆሙም፤ በየአገሩ ይሠራባቸዋል። ስሟ ማን ነበር ስላት፣ የሚታወቁት በፊደልና በቁጥር ነው አለችኝ። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። እዚያ ታች፣ ሮዝ ውሃ ውስጥ፣ የማላውቃት ሴት በሽታ ብቻውን ይኖራል፤ እሷ ግን የለችም።

«ታዲያ እንጉዳዩ እነዚህን ገድሏል ወይስ አልገደለም?»

«ገድሏል» አለች ኢንጋ ሌቮቭና። «ኮምጣጤም ይገድላቸዋል። ቮድካም። ተራ የቧንቧ ውሃ ብጨምርባቸው ይፈነዳሉ። እዚህ ውስጥ መግደል ቀላል ነው ልጄ። ከባዱ ሰውየውን ትቶ እነሱን ብቻ መግደል ነው። የእናትሽ ክኒን ያንን ይችላል። የኛ እንጉዳይ ይችል እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

ከክኒኑ ጋር አብሮ ቢጠጣስ አልኩ። ያንንም አላውቅም፣ ሐኪሟ ሳታውቅ ግን አንዲት ጠብታ ባትቀምስ ይሻላል አለችኝ። ከዚያ የራሴን ጥያቄ አወጣሁ፤ ክኒኑን ከተወች ሰንብታለች፣ ዛሬ ብትመለስበት ይሠራ ይሆን? ኢንጋ ሌቮቭና የማሰሮዋን ክዳን ገጠመች፣ መልሳ ፈታችው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች በመጨረሻ። «የኔ እናት ብትሆን ግን ዛሬውኑ በእጄ አጎርሳት ነበር።» ስወጣ ጠባቂዋ ስንት ሰበርሽ ብላ ጠየቀችኝ።

በእግሬ ነው የተመለስኩት፣ መጀመሪያ ምን እንደምል እያዘጋጀሁ። ከክኒኑ እጀምራለሁ፣ ቀጥሎ ሴትዮዋን፣ መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን። ደረጃውን ስወጣ ሁሉም ልክ ልኩን ይዞ ነበር። አክስቴ ግን ኮቴዬን ሰምታ በሩን ቀድማ ከፍታ፣ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ስታየኝ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ውሃ በላው። «ብርጭቆ አይደለም አክስቴ» አልኩ። «ፕላስቲክ ነው።»

እንድትስቅ ብዬ ነው። ነገሩ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ራሷ አይታ፣ ስቃ፣ ከዚያ የቀረውን ቁጭ ብላ እንድትሰማኝ። አክስቴ ግን ፊቷ በራ። አየሽ አለች፣ አየሽ፣ ለዚህ ነው መዳኑ የዘገየው። ወንበር ጎትታ ወጣችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከድንኳኑ ሥር፣ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ስንወጣ የምንይዛቸውን ነጫጭ የፕላስቲክ ኩባያዎች አወረደች። እኔ ከኋላዋ ከኋላዋ እየተከተልኩ ስለ ሴሎቹ፣ ስለ ገበታዋ፣ ስለ ኮምጣጤው እለፈልፋለሁ፤ እሷ ኩባያዎቹን አቧራ እየነፋች በመብራት ታያቸዋለች። «ኮምጣጤ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። እናቷ የሞተችባትን፣ እህቷን ያዘለችውን፣ ዛሬ ደግሞ ሌሊቱን እየተነሳች እንጉዳይ የምትጥደውን ሴትዮ ክንዷን ይዤ ማቆም ነበረብኝ። አልያዝኳትም።

እናቴ ስትገባ ትከሻዋ ረጥቦ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። አክስቴ አዲሱን ኩባያ ፊቷ አስቀምጣ የፈላውን ቻጋ ቀዳችበት፤ ኩባያው ወገቡ ላላ፣ ዘመም አለ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ተዘረረና ጥቁሩ ውሃ የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ፈሳሹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ምንድን ነው አለች። በዚህ ጊዜ ነገርኳት። ከክኒኑ ጀመርኩ። ሐኪሟ በጸደይ ያለችውን፣ ዓይኗ ለምን እንደተከፈተ፣ ኢንጋ ሌቮቭና የማታውቀውን ሁሉ፣ ከዚያ ሮዝ ውሃ ውስጥ ያየኋትን ሴትዮ። አክስቴ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛውን ትጠርጋለች፤ ውሃው ካለቀም በኋላ ትጠርጋለች።

«ልጅ ነበራት?» አለች እናቴ።

«አልጠየቅኩም።»

«መጠየቅ ነበረብሽ።» ሰደርያዋን ቀስ ብላ ፈታች፣ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ፋያ፣ ክኒኔን አምጪልኝ።»

አክስቴ መጥረጓን አላቆመችም። «አማረብሽ እኮ» አለች። «ሰው መሰልሽ። ዓይንሽን መልሰው ሊደፍኑት ነው?»

«ይድፈኑት።»

«ሰካራም ሊሉሽ።»

«ይበሉኝ እንግዲህ።»

ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እናታችንንም ሐኪም ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ በእግሯ ሄዳ ነው የገባችው፣ በእግሯ ግን አልወጣችም አለች አክስቴ፤ ይህን የምትለው ለጨርቁ ነበር። እናቴ ሰደርያዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ ጠበቀች። ለፋያ እንዲህ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ የማየው ቦታ አጣሁ። በመጨረሻ አክስቴ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ቆየች። ክኒኑን ጥላዋለች አልኩ በልቤ። ስትመለስ ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ከካፖርቷ የውስጥ ኪስ ነው ያወጣችው፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ ይዛው ትዞር ነበር ማለት ነው። «መድኃኒት እንዴት ይጣላል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እናቴ ባዶ ሆዷን እንዳትሆን ግማሽ ካሊትካ በላች፣ የቧንቧ ውሃ ራሷ ቀዳች፣ ክኒኑን ዋጠች። ሌላ ጊዜ ማስታወኩ ወዲያው አይመጣም፣ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ መጠበቅ ነው። ቢወጣ ነገ እንደገና፣ ባይወጣም ደሟ ይቀበለው አይቀበለው እስኪመረመር ማንም የሚያውቅ የለም። ነገ ዓይኗ መልሶ ማበጥ ይጀምር ይሆናል፣ ይህን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አክስቴ ከመታጠቢያ ቤት ሳፋ አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው፣ ዓይኗን ከእናቴ ጉሮሮ ላይ አልነቀለችም። እናቴ አንዴ ዋጥ አደረገች። አንዴ ደግሞ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተቀመጠልሽ?» አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ ፋያ» አለች እናቴ፤ እጇን ዘርግታ የሳፋውን ጠርዝ ያዘች። ወንበሬን ወደነሱ አስጠጋሁ፣ ሦስታችንም ሆዷን እያዳመጥን ቁጭ አልን።